ከስብሰባ የቀረ ሰው

አስፍዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ክረምቱ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ። ጭጋጉ ከቆላው እየወጣ በራችን ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ እንደ እንግዳ። ግባ ልለው ይቃጣኛል።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ታድሷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ራዲዮንህን ግን አልከፍተውም፤ አንተ ካልተሟገትከው ዜናው ለብቻው አይጥምም። ሌላው ነገር... ሌላውን እንዴት እንደምነግርህ ሳሰላስል ነው የሰነበትኩት።

ዳኛ አድርገውኝ ነበር።

አትሳቅ። ሰበቡ አንተው ነህ። ስብሰባ እንዳትቀሪ ትለኝ ነበር፤ የቀረ ሰው ይመረጣል። ትኩሳት ይዞህ እየተንቀጠቀጥክ፣ ጋቢህን ደርበህ የቀበሌው ምክር ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ሰዉ ለአገር ያለህን ፍቅር ያደንቅ ነበር። ኮሚቴ እንዳያደርጉህ ፈርተህ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያን ሁሉ ዘመን ተሰብስበህ አንድም ነገር ሳትሆን ሞትክ። እንዴት ያለ ድል ነው!

ባንተ ቦታ ምክር ቤቱ ከገባሁ ወዲህ ምክርህን ጠብቄያለሁ። አንድ ቀን ብቻ ቀረሁ። ሙት ዓመትህ ነበር።

ለካ ያን ቀን የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ሊሾሙ ተሰብስበዋል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። የላይ ሰፈር አንድ፣ የታች ሰፈር አንድ አስገብተው ሦስተኛው ላይ ተያያዙ። የላዮቹ የታቹን እጩ ጉቦኛ፣ የታቾቹ የላዩን እጩ ሰካራም አሉት። ሁለቱም እውነታቸውን ይመስለኛል። ረፋዱን ሁሉ ስለ ፍትሕ ተናገሩ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ግን ስለ ፍትሕ የሚናገር ጠፋ፤ ወሬው ሁሉ ስለ መግባባት ሆነ። ይኼኔ ጌታነህ ተነሣ።

ጎረቤታችን ጌታነህ። አርባህ በወጣ ሰሞን አጥሩን ወደ እኛ ገፍቶ ድንጋይህን ግቢው ውስጥ ያስገባው። ያቺን ከወይራው ሥር ያለችውን፣ ማታ ማታ ተቀምጠህ ቆላውን የምታይባትን። ከስሼው ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነበር፤ ዳኞቹ ይሟሉ እየተባልኩ።

ይኸው ጌታነህ እንባ እየተናነቀው፣ "የአስፋው ቤት ሰው እያለ እኛ ምን ያጣላናል? ወርቄን የሚጠላ እጁን ያውጣ!" አለ አሉ።

በባሏ ሙት ዓመት ቀን ማን ያወጣል? አጨብጭበው ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ከመቃብርህ ስመለስ የሰፈር ሴቶች መንገድ ላይ አገኙኝና "ክብርት ዳኛ!" ብለው ሳቁብኝ። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ጌታነህ ተጸጽቶ ነው ብዬም አሰብኩ። በማግስቱ የቀበሌው ጸሐፊ ነገሩን አፍረጠረጠው። "እትዬ ወርቄ፣ ዳኛ በራሱ ችሎት ከሳሽ አይሆንም። ቃለ መሐላ የፈጸሙ ዕለት ክስዎ ይዘጋል።" ሕጉን ያነበበው እሱ ብቻ ስለሆነ የሚከራከረው የለም።

"ዳኛው ቢከሰስስ?" አልኩት።

"መከሰስማ ይከሰሳል። ያን ቀን ከወንበሩ ይነሣና ሁለቱ ያዩታል።"

እዚህ ላይ አንተን አየሁህ። ጋቢህን ደርበህ፣ ጥግ ላይ።

ጠበቅሁ። የጌታነህ ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ ተገላገለችና ሊጠይቃት ወጣ። እሱ እዚያ ሳለ ቃለ መሐላ እንድፈጽም ተጠራሁ። ተነሣሁ። አቅም የለኝም፣ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ተውኝ አልኳቸው። የላዮቹ ወዲያው ሰካራሙን፣ የታቾቹ ጉቦኛውን መልሰው አነሡ። ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ እጄን አወጣሁ።

"ለምን ጌታነህ አይሆንም? የሰው ሐዘን የሚገባው ሰው ነው።"

"እሱ ዛሬ የለማ" አለ አንዱ።

"የለም? እንግዲያማ ማን ይቃወማል!" አሉ ከታች ሰፈር ሼህ ሰይድ፣ ጺማቸውን እየዳሰሱ። ወደ እኔም ዞር ብለው፣ "ወላሂ፣ ለዚህች ሴት ዳኝነት ያንሳታል" አሉ።

አጨበጨቡ።

ጌታነህ ከደብረ ብርሃን እንደተመለሰ ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። "ወርቄ፣ ምን አደረግሁሽ?" አለኝ።

"ሾምኩህ" አልኩት። "እንደሾምከኝ።"

ክሴ እንደተከፈተ ነው፤ ቀጠሮው ከመስቀል በኋላ። ግን አስፍዬ፣ ፈርቻለሁ። ሁለቱ ዳኞች ከጌታነህ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይውላሉ። ምን ይነጋገሩ ይሆን? ከዚህ የባሰም ፍርሃት አለኝ። ያን ቀን እጄን ሳወጣ ስለ ፍትሕ አላሰብኩም፤ ስለ ድንጋይህ ነው ያሰብኩት። ያጨበጨቡትስ? እያንዳንዳቸው በሰው ግቢ የቀረች አንዳንድ ድንጋይ ትኖራቸው ይሆን? ራዲዮው ስለ ትልቁ ምክር ቤት ሹመት ሲያወራ "ተግባብተዋል" የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ አንተ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር። ምኑ ያስቀዋል እል ነበር። አሁን እኔም እስቃለሁ፤ ግን እንዳንተ ቶሎ አይለቀኝም።

ድንጋይህ እዚያው ናት። በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ጌታነህ አይቀመጥባትም፤ ዶሮዎቹ ናቸው የሚቀመጡባት። ቆላውን እንኳ አያዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

አልረሳህም። ድንጋይዋ የተመለሰች ማታ ተቀምጬባት ቆላውን አይልሃለሁ። እስከዚያው መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ እጠይቅሃለሁ፤ ስብሰባ በሌለበት ቀን።

ያንተዋ ወርቄ