አምስት ተማሪ፣ አንድ አፍ

ሰኞ
ዛሬም ግድግዳ አስተምሬ ወጣሁ። የሳንባ ምችን ከላይ እስከ ታች አስረድቼ «ጥያቄ?» ስላቸው ጸጥ። «ገብቷችኋል?» ስል «አዎ ቲቸር!» በአንድ ድምፅ። ከገባቸው ጆሮዬ ይቆረጥ! ዝም አይነቅዝም ብለው ቁጭ።

ማክሰኞ
ሆስፒታል፣ ልምምድ። አምስቱ የነርስ ተማሪዎቼ አንድ አልጋ ከበቡ። የቡድን መሪው ተመስገን ሙቀት ለካ፣ ግፊት ለካ፣ ተናገረ። ሌሎቹ የሱን ቁጥር ገለበጡ። ወርቅነሽ ከኋላ ቆማ በመስኮት ዝናቡን ታያለች። ውጤቱን ግን ለአምስቱም እኩል ነው የምንሰጠው። አሠራሩ ነው።

ረቡዕ
ወርቅነሽ ቢሮዬ መጥታ ትምህርቱን ላቆም ነው አለችኝ። ቤተሰቦቿ ሸዋ ቤንች ናቸው፣ ቡና ለቀማው ደርሷል። «እዚያ ቢያንስ እጄ ይሠራል» አለች። አንጀቴን በላችው። እስከ ዓርብ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። ቡድኑን በትኜ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን በሽተኛ ልሰጥ ነው። የክፍል ኃላፊው «ኮርሱን ማን ሊጨርስልሽ ነው?» ይለኛል። ይበል።

ሐሙስ
ለወርቅነሽ ሳንባ ምች የያዛቸው አንድ አዛውንት ደረሷት። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። በቤንችኛ ስታወራቸው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች! ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ትራሳቸውን ከፍ አደረገች፣ ትንፋሻቸውን ቆጠረች። እኔም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ
አዛውንቱ ንጋት ላይ አረፉ።
ወርቅነሽ ትናንት ከመውጣቷ በፊት ትንፋሻቸው መፍጠኑን አይታ ነበር። ለማን ነገረች? ለተመስገን! ቡድኑ ፈርሷል ብያለሁ፤ እነሱ የለመዱት ግን ለመሪው መንገር ነው፣ ለእኔ የሚናገረው እሱ ነው። እሱም «ለቲቸር ጠዋት እነግራቸዋለሁ» ብሏት ሄደ። ተረኛዋ ነርስ እዚያው ቁጭ ብላ ነበር። ሐኪሙ ቢነገረንም አይተርፉም ነበር ይላል። እንጃ። ቡድን አፈረስኩ ብዬ የተኩራራሁት በምኔ ነው?

ቅዳሜ
ወርቅነሽ ቤቴ መጣች። ልትሰናበተኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቁጭ እንኳ ሳትል «ቲቸር፣ ትንፋሽ ከስንት ሲያልፍ ነው ሰው መጥራት ያለብኝ?» አለች። ነገርኳት። «ተረኛዋ ብትቆጣኝስ?» ትቆጣሽ፣ አንቺ ጥሪያት አልኳት። ዓይኗ አብጧል።
ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ስለምን ኖሬ፣ ጥያቄው የመጣው ሰው ሲሞት ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ?
እስከ በር ሸኘኋት። ሰኞ ትመጪያለሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ግን አቃተኝ።