ሁለተኛው ጉርሻ

ሐምሌ 24

ልጻፈው ወይስ ይቅር... የሚያነበው የለም፤ ግን ለወረቀትም ያሳፍራል። ቀናሁ መሰለኝ።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ዝናብ። አልጋዎቹን አነጠፍኩ፣ ኮሪደሩን ወለወልኩ፣ ከዚያ እንግዳ መቀበያው ገብቼ ዓሦቹን አበላሁ። ስድስት ናቸው። የባሕር ዓሣ ስለሆኑ ጨው ያለበት ውኃ ካልሆነ አይኖሩም። ጨዉም እንደኛ የወጥ ጨው አይደለም፣ ከጅቡቲ ነው የሚላክ። ጋሼ ሙሉሰው ይህን ፔንሲዮን ከመክፈታቸው በፊት የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበሩ። ባሕሩን ትተው ሲመጡ ቁራሹን ደብረ ታቦር ይዘው መጡ፣ በመስታወት ገንዳ።

ምግባቸው ዱቄት ነው፤ ከበሶ የደቀቀ። በቀን ሦስት ጊዜ ቆንጠር አድርጌ ውኃው ላይ እበትናለሁ። የጣቴን ጥላ ሲያዩ ይመጣሉ። ጋሼ ለእንግዳ “የዓሦቹ እናት ይቺ ናት” ይላሉ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ግን ደስ ይለኛል... በጣም።

ከሰዓት የእህታቸው ልጅ ሠናይት ከአንበሳሜ መጣች። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ትምህርት ነው የምትማረው። ለእረፍት ነው። ገንዳው ፊት ቆመች።

“አጎቴ፣ ይሄንኮ ማሽን ይሠራዋል።”

“ምኑን?”

“ማብላቱን።”

ዱቄቱ እጄ ላይ ነበር።

ሐምሌ 26

“እትዬ ሠናይት” አልኳት።

“ኧረ በማርያም! በአራት ዓመት ብበልጥሽ ነው፣ አሮጊት አደረግሽኝ እኮ!” ብላ ሳቀች።

ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለችም። ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች፣ ሰሃኗን ራሷ ታጥባለች፣ “ፈንትዬ” ትለኛለች። ምን ብዬ ልጥላት?

ጋሼ ምሳ ላይ ከሷ ጋር ብዙ ተጫወቱ። እንዴት ነው፣ ለምንድነው፣ አንቺ ምን ታስቢያለሽ... እኔን እዚህ ከገባሁ ጀምሮ የጠየቁኝ “ፈንቱ፣ ሳሙና አለ?” ብቻ ነው።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ወጥ የሚሠሩልን እማማ ጌጤ ጣቴን አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። “በፍልሰታ ዓሣ የሚበሉ እነዚህ ጉዶች ብቻ ናቸው። ያውም የወንድማቸውን ሥጋ!” ዱቄቱ ከዓሣ ነው የሚፈጭ። እውነታቸውን ነው።

ሠናይት ጠረጴዛው ላይ ዕቃዋን ዘርግታለች። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሽቦ፣ ከተበላሸ ስልክ የወጣች የምትንቀጠቀጥ ሚጢጢ ሞተር። ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች። ይሄን ለምን አየሁ? ቀኑን ሙሉ ሳያት ነው የምውል።

“ፈንትዬ፣ አንድ ቁንጥርሽ ምን ያህል እንደሆነ አሳዪኝ።”

ወረቀት ላይ ቆንጥሬ አደረግኩላት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱም እኩል ሆኑ።

“ጣትሽ ሚዛን ነው!”

ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ በማለቴ ተናደድኩ። እንዴት አልናደድ? ጣቴን ብልቃጥ ውስጥ ልትከተው እኮ ነው።

ነሐሴ 4

ማሽኑ አልሠራም! የገንዳው ውኃ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ብርድ። ብልቃጡን አናቱ ላይ ስታስረው እንፋሎቱ እየወጣ ዱቄቱን አረጠበው። እንደ ገንፎ ተጓጎለ። ሞተሩ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ጠብ የሚል የለም።

ጋሼ፣ “ማሽንሽም ፍልሰታን ያዘ እንዴ?” አሏት።

ወጥ ቤት ገብቼ ሳቅኩ። እማማ ጌጤ አዩኝ።

“ምን አገኘሽ ብቻሽን የምትስቂ?”

“ምንም።”

“ምንም እንዲህ ጥርስ አያስገልጥም።”

ሦስቱንም ጊዜ በእጄ አበላሁ።

ነሐሴ 8

ሠራ።

ብልቃጡን ከእንፋሎቱ አርቃ ከገንዳው ጎን ሰቀለችው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ አውጥታ ከኋላው አሰረች። ሰዓቱ ሲደርስ ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል፣ ማራገቢያው ደረቅ አየር ይነፋል፣ ዱቄቱ እንደ ጉም ውኃው ላይ ይወርዳል። ማንም ሳይነካው። ያምራል... ያምራል እኮ። ይሄ ነው የባሰብኝ።

ዓሦቹ ሁሉ ወደዚያ ሄዱ። ነጭ መቀነት ያለው ብርቱካናማውም። ከሁሉ ቀድሞ ጣቴ ጋ የሚደርሰው እሱ ነበር። ከሃዲ።

ጋሼ መንገደኛውን ሁሉ እየጠሩ ያሳያሉ። “የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው! መሐንዲስ!” ስለ እናት ያነሣ የለም።

ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ “ፈንቱ፣ እንግዲህ አረፍሽ” አሉኝ።

መቼ ደከመኝ አልኳቸው?

ነሐሴ 9

ከቅዳሴ በኋላ እማማ ጌጤ ሽሮ አጎረሱኝ። አልበላ ብሎኝ ሁለተኛውን ገፋሁት።

“ተይ! አንድ ጉርሻ ያጣላል። ድገሚ።”

ደገምኩ። አፌ ሞልቶ ሳለ ስለ ዓሦቹ አሰብኩ። ማሽኑ አንዴ ወርውሮ ዝም ይላል። ብሉልኝ የለ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለ። ማን እንዲህ ያበላል?

እንግዳ መቀበያው ባዶ ነበር። ማሽኑ አብልቶ ሲያበቃ እኔም አንድ ቁንጥር ጨመርኩ። ብርቱካናማው መጣ። ወደ ጣቴ።

አንድ ቁንጥር ብቻ ነው። ምን ይጎዳል?

ነሐሴ 13

ቡሔ። ሆያ ሆዬ የሚሉትን ልጆች ለማየት ሁሉም በር ላይ ወጥተዋል፣ ሠናይትም እያጨበጨበች። ገንዳው ፊት እኔ ብቻ። ከማሽኑ እንዲበልጥ ብዬ ዛሬ በዛ አድርጌ ቆነጠርኩ። ስድስቱም መጡ። ስድስቱም! መጥታ ብታይ።

ነሐሴ 17

ውኃው ነጣ ነጣ ብሏል። አጓት መሰለ። ሠናይት ማራገቢያውን ፈትታ መልሳ ገጠመች። አዲስ ጨው እስኪመጣ ውኃው ስላልተቀየረ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከማሽኑ ቀጥዬ ዛሬም አበላሁ። ብርቱካናማው ወደ ላይ መጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ይከፍታል ይዘጋል። የራበው መስሎኝ ደገምኩለት።

ነሐሴ 19

ብርቱካናማው ሞተ።

ጋሼ መዳፋቸው ላይ አስተኝተው ሲያዩት ደረስኩ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

“ማሽንሽ ገደለብኝ፣ ሠናይት።”

“አጎቴ፣ ለክቼዋለሁ እኮ! የፈንትዬን ቁንጥር ነው የሚጥለው። አልጨመርኩም።”

“ታዲያ ይሄ ምንድነው?” ወደ ገንዳው ወለል ጠቆሙ። ያልተበላ ዱቄት እንደ ደለል ተኝቷል።

ሠናይት ወደኔ ዞረች። “ፈንትዬ፣ ያሳየሽኝ ልክ ያን ያህል ነበር አይደል?”

“አዎ” አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። የተጠየቅኩት ያሳየኋትን ነው፤ እሱን መለስኩ። ግን አመነችኝ... አምናኝ ብልቃጡን ታቅፋ አለቀሰች። “ሞተሩ ነው፣ አንዳንዴ ሁለቴ ይጥላል ማለት ነው፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።” እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜአለሁ። ከሰዓቱን ሁሉ ውኃ ስንቀይር ዋልን። የቀረንን ጨው ጨረስነው።

ነሐሴ 20

ውኃው ጠራ። አምስቱ ደኅና ናቸው።

ጋሼ ቁርስ ላይ፣ “ነገ ማሽኑን ነቅዬ እጥለዋለሁ። ፈንቱ፣ እንደ ድሮው አንቺው በእጅሽ” አሉ። ከዚያ ክፍል ለጠየቀው እንግዳ፣ “የዓሦቹ እናት ይቺ ናት” ብለው አሳዩኝ።

እንዲሉት የፈለግኩትን ሁሉ አሉ። አንድ ቃል አልጎደለም። ድሮ ይህን ስሰማ ይሰማኝ የነበረው ደስታ የት ሄደ? እንግዳው ሲያየኝ ፊቴን የማስገባበት አጣሁ።

ሠናይት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አንሶላ ልቀይር ገባሁ። ነገ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ትሄዳለች። ከማሽኑ የተረፉትን ሽቦዎች ጠቅልላ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው።

“አትወስጃቸውም?” አልኳት። እንዴት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም።

“ምን ላድርጋቸው? ሌላ ሠርቼ ለመምህሮቼ ላሳይ ነበር። ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ‘አንቺ ሞተር ተይና ወጥ ሥሪ’ እያሉ ይቀልዱብኛል። አሁን ዓሣ ገዳይ ሊሉኝ ነው።” ልትስቅ ሞከረች። አልወጣላትም። “ካንቺ ጋር ግን ደስ ብሎኝ ሠራሁ፣ ፈንትዬ።”

ካንቺ ጋር አለች። እኔ ከማን ጋር ነበርኩ?

አንሶላውን ሳልቀይር ወጣሁ። ስትወጣ ጠብቄ ሽቦዎቹን ከቅርጫቱ አነሣሁ። መሀረብ ውስጥ ቋጥሬአቸዋለሁ።

አሁንም እቀናባታለሁ። ይሄ አልለቀቀኝም። “መሐንዲስ” ስትባል፣ ጋሼ ሲያዳምጧት፣ እጇ ሽቦ ላይ ሲሄድ... እቀናለሁ። ግን ቅናቱ የኔ ነው። የዓሣው ሞት በሷ ስም ባሕር ዳር ድረስ ሊሄድ ነው። እሱም የኔ ነው።

ጋሼ ፊት አፌ ይያዛል። ስለዚህ አጭር አደረግኩት፦ “ጋሼ፣ ማሽኑ ካበላቸው በኋላ እኔም አበላቸው ነበር።” ልብስ ሳሰጣ ሳጥብ ስለው ዋልኩ። “አበላቸው ነበር” የሚለው ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ቢያባርሩኝስ? ያባርሩኝ ይሆናል። እናቴ ጋ ገጠር መመለስ ነው፤ እዚያ ዓሣ የለም፣ መስታወትም የለም።

ነገ ቶሎ እነሣለሁ። ሠናይት ሚኒባስ ሳትሳፈር፣ ጋሼም ማሽኑን ሳይነቅሉ፣ ሁለቱ ባሉበት እናገራለሁ። ሽቦውንም እሰጣታለሁ። ከዚያ የማብላቱ ሰዓት ሲደርስ እጄን ኋላዬ አድርጌ እቆማለሁ፣ ማሽኑ ብቻውን ያብላቸው።