የክፍልሽ ልጆች ፎቶ

ልጄ ፌበን፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ደጅ አይራቅ። እኛ ደህና ነን። ባሮ ሞልቷል፤ ወንድምሽ ኦሞድ አቦቦ ወርዶ በቆሎውን እያረመ ነው።

ከጋዜጠኝነት ክፍልሽ ልጆች ጋር የተነሣሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከሠላሳው ልጅ ጥቁሯ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሎቹ የማን ልጆች ናቸው? የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ከአንቺ ሌላ አለ?

ወድጄ አይደለም የምጠይቅሽ። አምና አንድ የውጭ ጋዜጠኛ የምሠራበትን የአውሮፕላን ማረፊያ ወለል ስወለውል ፎቶ አነሳኝና «ከጀዊ ካምፕ የመጣች ስደተኛ» ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣኝ። ዩኒፎርሜን ለብሼ! ቆይ፣ «ስምሽ ማነው?» ብሎ መጠየቅ አይማሩም እንዴ?

በርቺ፣ እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ይቺን ታሪክ ለክፍልሽ ልጆች ንገሪልኝ። ስሜንም አብረሽ ንገሪያቸው።

እናትሽ፣
አኬሎ ኡጁሉ