ኤልፌ ለማን ትድረስ?

ኖርክሮስ፣ አትላንታ አጠገብ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽና ስሜ በተነሳ ቁጥር "ያ ሌባ" ለምትይኝ ለእትዬ ኤልፍነሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? አውራ ዶሮሽስ አሁንም አጎቴን ጋሽ ዳንኤልን ሲያይ ያባርረዋል? የሚያባርረው ከሆነ ከእኔ የተላከ ነው ብለሽ ጥሬ ጨምሪለት።

እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ። እዚህ ምግቡ ራሱ ሰውን ያሳድዳል እንጂ ሰው አያሳድደውም።

"እትዬ" ብዬ በመጀመሬ እንደሳቅሽ አውቃለሁ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በእኛ ቤት ጎረቤቷም እትዬ፣ እንቁላል ሻጯም እትዬ ነበሩ። እናቴ ገና ዳዴ ስል ስለሞተች አዝለሽ ያሳደግሽኝን አንቺን ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ "ኤልፌ" ስል ኖርኩ። ከጋሽ ዳንኤል በዕድሜ ትበልጪያለሽ፤ እሱም "ኤልፌ፣ ውሃ!" ነው የሚልሽ። ይህን ነገር ነው ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት።

ያልደወልኩት ስልኩ የጋሽ ዳንኤል ስለሆነ ነው። ስንነጋገር ስፒከር ላይ አድርጎ እንደ ዘበኛ አጠገብሽ ይቆማል። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ፈትያ ናት፤ እዚህ አብራኝ የምትሠራ የጅማ ልጅ፤ እናቷን ልትጠይቅ መጥታለች። ለጎረቤታችን ልጅ ለሐምራዊት ስጫትና ታንብብልሽ። ሐምራዊት፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፅሽን አታወፍሪ። እየዘለልሽም አታንብቢ፤ አውቅሻለሁ፣ አንድ ክፍል ተምረን አብረን ነው የወደቅነው።

ሥራዬን ንገረኝ ብለሽ ነበር። ሰው ሲሞት ወይም አርጅቶ መጦሪያ ሲገባ ቤቱን ባዶ እናደርጋለን። አለቃዬ ሀብቶም አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለው። ጴንጤ ስለሆነ አይሳደብም፤ ሲናደድ "ጌታ ይባርክህ፣ ኢዮሲያስ" ነው የሚለኝ። በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ተባርኬ አውቃለሁ። ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ መንገድ የሚያሳየውን የመኪናውን ድምፅ ወደ ኮሪያኛ ቀይሬበት፣ ሊልበርን ልንሄድ ወጥተን ዱሉዝ አንድ የማናውቀው መጋዘን በር ላይ ፓርክ ያደረግን ቀን ነው።

ሊልበርን የምንሄደው ሚስ ሎረታ ሃርግሮቭ የሚባሉ የሰማኒያ ሁለት ዓመት ነጭ አሮጊት ቤት ነበር። ልጅ የላቸውም። መጦሪያ ሊገቡ ስለሆነ ዕቃቸውን የወንድማቸው ልጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ይካፈሉታል። እዚህ አገር ለክፍፍል ሽማግሌ አይቀመጥም። ለእያንዳንዱ ወራሽ ቀለሙ የተለየ ክብ ስቲከር ይሰጠዋል፤ የፈለገው ዕቃ ላይ ሄዶ ይለጥፋል። ቀዩ የወንዱ፣ አረንጓዴው የሴቷ። እኛ ቀለም እያየን እንጭናለን። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ለወደቀ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው።

አሮጊቷ ወደዱኝ። "ሚስተር ለገሰ" ነበር የሚሉኝ። እዚህ የሚጠሩሽ መጨረሻ ላይ ባለው ስም ነው፤ በእኔ ወረቀት መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ አያቴ ነው። ስለዚህ ለጋሽ ዳንኤል "አባትህ አትላንታ ውስጥ ሶፋ እየተሸከሙ ነው" በይው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ወራሾቹ ምሳ ሊበሉ ወጡ። እኔ መቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ? አንድ አረንጓዴ ስቲከር ልጬ ግንባሬ ላይ ለጠፍኩና ከሳሎኑ ጠረጴዛ አጠገብ እንደ ሐውልት ደርቄ ቆምኩ።

"ሚስ ሎረታ፣ እኔስ ለማን ደረስኩ?" አልኳቸው።

ሀብቶም ከደረጃው ላይ ሆኖ "ጌታ ይባርክህ!" ብሎ ጮኸ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀስ ብለው መጥተው ስቲከሩን ከግንባሬ ላይ ላጡት። ከዚያ "ይቅርታ" አሉኝ። ያጠፋሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው! መቼም ስቀልድ ተመትቼ አውቃለሁ እንጂ ይቅርታ ተጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ መሳቢያ ከፍተው የአንድ አሮጌ ኑዛዜ ቅጂ ሰጡን። የጻፉት የቅድመ አያታቸው አባት ጥጥ የሚያመርቱ፣ ሰው የሚገዙ ባለ እርሻ ነበሩ። ጽሑፉ እንደ ጉንዳን መንገድ የተጠላለፈ ስለሆነ ሀብቶም ነው እየተረጎመ ያነበበልኝ። "ለልጄ ለአን፤ የመመገቢያ ጠረጴዛው፣ ሁለት በቅሎዎችና ዳይና የምትባለው ሴት ከነልጇ" ይላል። ሀብቶም እዚያ ላይ ቆመ። የተሳሳተ መስሎት እንደገና አነበበው። ጠረጴዛው እኔ የተደገፍኩት ነበር።

"የዳይና ልጅ አባቱ ማን ነው?" አልኩ። አፌን ታውቂው የለ።

"ኑዛዜውን የጻፉት ሰውዬ" አሉ ሚስ ሎረታ። "የልጁ ዘሮች እዚሁ ዲኬተር አሉ። እነሱም ሃርግሮቭ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ዘመዶቼ ናችሁ ብለዋቸው ያውቃሉ?"

"የጠየቀኝ የለም" አሉ። ኑዛዜውን አጥፈው መሳቢያው ውስጥ ከተቱና "እንዳይጠይቁኝም እጠነቀቅ ነበር" አሉ።

እትዬ ኤልፍነሽ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁም ሳጥን ስሸከምም፣ ፍራሽ ሳወርድም የማስበው አንቺን ነው።

የአያቴ አርባ በወጣ ማግስት ትዝ ይልሻል? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ በርጩማ ደርድረው ዕቃ ያካፍሉ ነበር። ሬዲዮኑ ለአባቴ፣ የጠፍር አልጋው ለጋሽ ዳንኤል። ዕቃው ሲያልቅ ጋሽ ዳንኤል እየሳቀ "ኤልፌስ ለማን ትድረስ?" አለ። እኔ ከመሀል ዘልዬ "ለእኔ! ኤልፌ የእኔ ድርሻ ናት!" ብዬ ጮህኩ። አንዱ ሽማግሌ "ጸድቋል!" አሉ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። አንቺም በነጠላሽ አፍሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከዚያ ውሃ ልቅዳ ብለሽ ባልዲ ይዘሽ ወጣሽ። ባልዲው ግን ሙሉ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼው ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አስቄ አላውቅም ነበር።

ዳይናን ከበቅሎ ጎን የጻፉት ሰውዬና እኔ አንድ ነን፤ እሳቸው በቀለም፣ እኔ በአፌ።

እናትሽንም አስባለሁ። ዘውድነሽ የሚለውን ስም ያወጡላት ቅድመ አያቴ ግራዝማች እንደሆኑ አባቴ ነግሮኛል። በልጅነቷ ተገዝታ መጣች። ግራዝማች የቡናውን መሬት ለአያቴ ሲያወርሱ፣ ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ ወጥቶ ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እሷንም አብረው አወረሷቸው። አባቴ "ከመሬቱ ጋር የመጣች" ይል ነበር፤ እንደ ጨዋታ። መሬቱን ደርግ ወሰደው። እሷ ቀረች፤ አንቺም ቀረሽ። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም በቤታችን የሚያውቀው የለም። አንቺ ታውቂው ይሆን?

ደግሞ ሰባት ዓመቴ እያለ "ኤልፌ፣ ይቺን ፍንጭት ከማን ወሰድሻት?" ብዬሽ በማማሰያ የመታሽኝ ትዝ ይልሻል? እስከዛሬ ትከሻዬን ያሳክከኛል። አያቴ ፍንጭት፣ አባቴ ፍንጭት፣ እኔ ፍንጭት፣ አንቺ ፍንጭት። ፍንጭት የሌለው ጋሽ ዳንኤል ብቻ ነው። በጥርስ ቢሆን ከውርሱ የሚወጣው እሱ ነበር!

መታወቂያሽ ላይም "ኤልፍነሽ ለገሰ" ይላል። ጋሽ ዳንኤልን ብጠይቀው "አባባ ለወግ ያህል ስማቸውን አዋሷት" አለኝ። ስም ወንፊት ነው እንዴ የሚዋሱት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጋሽ ዳንኤል ክረምት ላይ የውክልና ረቂቅ ልኮልኝ ነበር፤ ፈርመህ ላክ ብሎ። "የሟች አቶ ለገሰ ወራሾች ሁለት ናቸው፤ እኔና የሟች ወንድሜ የተክሌ ልጅ" ይላል። ቤቱን ሸጦ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። አንቺ የት እንደምትገቢ ብጠይቀው "እሷ ምን ችግር አለባት፣ አብሬ እወስዳታለሁ፤ የልጅ ልጆቼን ትይዝልኛለች" አለኝ። በሰባ ዓመትሽ!

እውነቱን ልንገርሽ፤ ልፈርም ነበር። ከአልጋው ጋር አብሮ ይጭንሻል የሚለው ነገር በዚያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። በድርሻዬ የምገዛውን መኪና እንኳ መርጬ ነበር። ለዚህ ደግሞ እንደ ድሮው በማማሰያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ዝም እንዳትዪኝ ብቻ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ስላልኩትም፣ ሳልፈርም ስለፈረምኩትም፣ ይቅር በይኝ።

የጋሽ ዳንኤልን ወረቀት መለስኩለት። ከሀብቶም ጋር ተቀምጠን ሌላ ጻፍን። ሰነድ የሚያረጋግጥ ኖታሪ ፊት ፈረምኩ፤ ኤምባሲ ሄዶ ማህተም ተመቶበት ትናንት ደረሰኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ ያለው እሱ ነው፤ ሐምራዊት፣ እንዳታጨማድጂው። በቤቱ ላይ ያለኝ ድርሻ ሁሉ በአንቺ እጅ ነው ይላል። ቤቱ ያለ እኔ ፊርማ አይሸጥም፤ የእኔ ፊርማ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ አውራ ጣት ነው። ጋሽ ዳንኤል ቢፎክር፣ ሻይ አፍልተሽ ስጪውና ቁጭ ብሎ ይለምንሽ።

ፍርድ ቤት ቀርበሽ "እኔም የለገሰ ልጅ ነኝ" ማለቱ ግን የአንቺ ነው። በዚህ ነገር ማንም ማንንም መወከል አይችልም። የእናትሽን ምስጢር ልጠብቅ ካልሽ ጠብቂው፤ ቤቱ ውስጥ ግን እንደ ባለቤት ኑሪ። እናገራለሁ ካልሽ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ መጥቼ ከጎንሽ እቆማለሁ። ዳኛው ፊት አልቀልድም። እሞክራለሁ።

ውክልናው ላይ "ወካዩ ከተወካይዋ ጋር ያለው ዝምድና" የሚል ባዶ መስመር ነበር። ሀብቶም "ምን ልጻፍ? አሳዳጊዬ?" አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና ራሴ ሞላሁት። ምን ብዬ እንደሞላሁት ከስሜ በላይ ደግሜ ጽፌልሻለሁ፤ ሐምራዊት ሁለት ጊዜ ታንብብልሽ።

ጉልበትሽን አምላክ ያበርታልኝ። ቁልፉን ከጋሽ ዳንኤል ተቀብለሽ በወገብሽ የምታስሪበት ዘመን ይስጥሽ። ፊት ለፊት መጥቼ ጉልበትሽን እስክስም ያቆይልኝ።

የወንድምሽ ልጅ፣
ኢዮሲያስ ተክሌ ለገሰ