የነዳጅ ሴል «አሳላፊ» የሠሩልን ዶክተር ሰይፈ ሙጬ ዕረፍት

የቡሬ የኃይል ቁሶች ምርምር ማዕከል ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት ዶክተር ሰይፈ ሙጬ ባደረባቸው ሕመም በፍኖተ ሰላም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ማዕከሉ የተሰማው ሐዘን እጅግ መሪር ነው።

ዶክተር ሰይፈ በቡሬ ዙሪያ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወልደው፣ በቤታቸው አውኚ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገሩ አድገዋል።

በ2009 ዓ.ም. የነዳጅ ሴል ምርምራችንን ጀመሩ። ይህ መሣሪያ ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በመካከሉ ያለው ስስ ፖሊመር ጋዞቹን ለየብቻ ይዞ ፕሮቶንን ብቻ ያሳልፋል። ዶክተር ሰይፈ «ሽፋን» መባሉን አልወደዱትም፤ ሽፋን ይጋርዳል፣ ይህ ግን የተጠራውን ለይቶ ያስተናግዳል በማለት «አሳላፊ» ብለው ሰየሙት። ሁለት አሳላፊ እንዲቀርብላቸው ሲጠይቁ የግዥ ክፍላችን ድግሱ የት እንደሆነ መጠየቁን እርሳቸውም እየሳቁ ያነሱት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በፈረስ ቤት ገጠር ለሚገኝ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ በነዳጅ ሴል እንዲሠራ አደረጉ። ነገር ግን አሳላፊው የሚሠራው እርጥበት ሲኖረው ብቻ ነው። በበጋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ማቀዝቀዣውም ይቆማል። የጤና ኬላዋ ባለሙያ ወ/ሮ ተናኜ፣ ልጅ አዝላ ዳገት የወጣችን እናት ነገ ተመለሽ ማለት እንደከበዳቸው መናገራቸው ዶክተሩን እንቅልፍ ነስቷቸው ኖሯል።

ዘንድሮ በበጋም እርጥበቱን የሚይዝ አሳላፊ ሠርተው ጨረሱ። ወስደው ሊገጥሙት ሲሰናዱ አልጋ ያዙ። ይህ ያንገበግበናል።

ባረፉበት ዕለት ማቀዝቀዣው ቆሞ፣ ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ተቀምጦ ነበር። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሸጋዬ ዘሩ ለቀብር ለተሰናዳነው ባልደረቦቻቸው፣ አስከሬኑን ዘመድ እንደሚሸኝ፣ እኛ ግን በረዶው ሳይቀልጥ ወደ ፈረስ ቤት እንድንወጣ አሳሰቡን። እንዳሉት አደረግን።

ለወ/ሮ ሸጋዬ፣ ለልጃቸው ለቤቴል፣ ለቤተሰባቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

በሥርዓተ ቀብራቸው ላይ ሳያዩን የቀሩ የቡሬና የአካባቢው ነዋሪዎች ቅር እንዳይሰኙብን በትሕትና እንጠይቃለን። በዚያ ሰዓት የእጃቸውን ሥራ እየገጠምን ነበር። ማቀዝቀዣው ሠርቷል፤ ክትባቱም ተርፏል።

የቡሬ የኃይል ቁሶች ምርምር ማዕከል