ሃልቮር፣ ነዋሪ 38

ለልጄ ለሎረን፣

ይህ ደብዳቤ ባለህበት በጤና ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ስንዴውም ከበረዶ ተርፎ ገብቷል።

አውራጃው የየከተማውን ታሪክ ሊያሳትም ነው። ስለ ሃልቮር የተጻፈውን እንዳርም ላኩልኝ። ባቡሩ መቅረቱም ትምህርት ቤቴ መዘጋቱም በትክክል ተጽፏል። መጨረሻው ግን «ነዋሪ 37» ይላል። ሰርዤ የነዋሪውን ቁጥር እንደሚያሳየው የከተማው መግቢያ ሰሌዳችን 38 አደረግሁት።

በማግስቱ ከንቲባው ቨርሊን መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ የዕለቱን መዝሙር ቁጥር የሚያሳዩትን የእንጨት አሃዞች ለከተማው ሰሌዳ መውሰዳችንን ታስታውሳለህ፤ ትርፎቹ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

«ወይዘሮ ታይራ፣ ሰባቷን ይስጡኝ» አለኝ።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም። ግን ሎረን ከሄደ ሁለት ዓመት...»

«የሞተ ይቀነሳል፣ የሄደ አይቀነስም። መቀነስ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ያኔም ፈዛዛ ነበርክ።»

«እሺ፣ መቼ ነው የጻፈልዎት?»

«ኬክህን ጨርስ» አልኩት።

በየጠዋቱ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ሠራተኛዋ ዶሪን ገና ሳልገባ በመስኮቱ «የለም» እያለች ራሷን ትነቀንቅልኛለች። መራመዱ ለጉልበቴ ጥሩ ነው።

ሰባት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። ዘጠኟን ግን አስቀምጫለሁ፤ ይዘሃት የምትመጣ ሴት ካለች ሰሌዳውን 39 እናደርገዋለን።

ቨርሊንና ዶሪን ሰላም ብለውሃል። አንድ መስመርም ብትሆን ጻፍልኝ። እንደ ድሮው በቀይ አርሜ አልመልስልህም።

እናትህ ታይራ