አራት ጊዜ ጻፍኩ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነብተሻል? ሥራሽ፣ ያ ሲያሰቃይሽ የኖረው ወገብሽ እንዴት ነው? የምታድሪበት ተረኝነትስ ቀለል አለልሽ? እማዬ ደህና ናት፤ በእሷ በኩል አትስጊ። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ሦስተኛዬ ነው፤ ሁለቱን ቀድጄ ጣልኳቸው። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ የማንም ያልሆነ ሶፋ ላይ ሁለት ሚስማር እመታለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ፖስታሽ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰኝ። ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው፤ «አራት ጊዜ ጻፍኩ። ለእማዬ ጆሮ ሕክምና የያዝኩላት ተራ ባለፈው ወር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም» ይላል። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋሸች አልኩ። ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትደርሰኝ አራት ጊዜ ማለትን ምን አመጣው አልኩና ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት። ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። አንቺ ብዙ ነገር ነሽ፣ ውሸታም ግን አይደለሽም።

ከአባባ ቀብር በኋላ በስልክ የተጯጯህን ጊዜ ያልሽኝ ትዝ ይለኛል። ስልክ ላይ ሁለታችንም ቁጡውን አባባን እንሆናለን፣ ሲበርድልኝ እኔ ቀድሜ እጽፋለሁ፣ አንተ ጠብቅ አልሽ። እኔም እሺ ብዬ አዲሱን የኢሜይል አድራሻ ሰጠሁሽ። ያንን በአባባ የሶፋ ሱቅ ስም ያወጣሁትን፣ የሱቁ ታፔላ ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፍኩትን። እንደ ትልቅ ድርጅት ልታይ ብዬ ነው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ያከራየኝ ኩባንያ በዚህ ስም የሚላክልህን ኢሜይል ሁሉ ወደ ራስህ ሳጥን በነፃ አስተላልፍልሃለሁ አለኝ። ደንበኞች ይጽፋሉ፣ ይደርሰኛል። ምን እጠራጠራለሁ? የአንቺ ሲቀር ጊዜ የቀረው ያንቺ ልብ ነው አልኩ። እሷ እጽፋለሁ ብላ ካልጻፈች እኔ ምን በወጣኝ ብዬ ኮራሁ።

ማክሰኞ ዕለት ግን መቀመጫ አጣሁ። በራሴ ስልክ ወደ ሱቁ አድራሻ ላክሁ፤ ደረሰ። ጨርቅ የምትሸጥልኝን ሴትዮ ላኪልኝ አልኳት፤ ደረሰ። ኩባንያው ጋ ደወልኩ። አንዲት ልጅ በጣም በለሰለሰ ድምፅ አገልግሎታችን እየሠራ ነው፣ የማይፈለግ መልእክት የሚወድቅበትን ስፓም ሳጥንዎን ይመልከቱ አለችኝ። አየሁ፤ የለም። ደግሜ ብደውል ማስተላለፉ ነፃ ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት ለመድረሱ ዋስትና አንሰጥም፣ ውሉ ላይ ተጽፏል አለች። ውሉን ማን አንብቦት ያውቃል፣ እታለም?

ከሱቁ ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግን አለ፤ ሽቦ ነው የምንለው። ነገሩን ስነግረው ሥራውን ሳያቋርጥ እህትህ ከየት ነው የምትጽፈው አለኝ። ከምትሠራበት ሆስፒታል አድራሻ አልኩት። ያኔ መፍቻውን አስቀመጠ። እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ሆስፒታሉ ጥንቁቅ ነው፤ በስሜ የሚመጣ ደብዳቤ ከራሴ መልእክተኛ እጅ ካልሆነ አትቀበሉ ብሎ ለሁሉም አስታውቋል። ያ ኩባንያ ደግሞ ያንቺን ደብዳቤ ይቀበልና በራሱ እጅ ይዞ ወደ እኔ ሳጥን ይመጣል። የሳጥኔ በር ላይ ያለው ጠባቂ ይህ ሰው የሆስፒታሉ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። ኩባንያው የተመለሰበትን ለላኪም ለተቀባይም ቃል ሳይተነፍስ ይጥለዋል። ጨርቅ ሻጯ እንዲህ ያለ ጥብቅ ትእዛዝ የላትም፤ የእሷ ያልፋል። እኔም የሞከርኩት ከሚያልፉት ጋር ብቻ ነበር። አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሠላሳ ወንበር ልክ ልኬልሃለሁ ብላ ስትምል አልደረሰኝም ብዬ የተጣላኋትም ትዝ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ ወንበሮቹን ሌላ ሰው ሠርቷቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የኩባንያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስሰድበው ሰነበትኩ። ቀጥሎ ያለው የእኔ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማዬ አባባ ካረፈ በኋላ ጆሮዋ ጨርሶ ደከመ። በግራው ምንም አትሰማም፤ በቀኙ ተጠግተው ከጮኹላት ትንሽ ትንሽ። የምናወራው አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ደብተር ነው። ኮምፒውተሩን አታምነውም፤ ወረቀት ካልሆነ ደብዳቤ አይደለም ባይ ናት። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ከፍታ «ከልጄ መጣ?» የሚለውን ገጽ ታሳየኛለች። በየቀኑ አዲስ አትጽፈውም፤ ያንኑ ገጽ ነው የምታሳየኝ፣ ጫፉ እስኪያረጅ። አራት ወር ቻልኩ። ከዚያ አንጀቴ አልችል አለና አንድ ቀን ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንቺን ሆኜ ጻፍኩላት። በትልልቅ ፊደል አትሜ ከእታለም መጣ አልኳት። ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አይዞሽ አልሽ። አንብባ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው የሥራ እድገት ሁሉ ሰጥቼሻለሁ።

ለሦስቱም መልስ ጻፈችልሽ። አሽጋ ላክልኝ ብላ ትሰጠኛለች። እንዴት ልላክልሽ? ላላልሽው መልስ እየሰጠች! ሱቅ ይዤ ሄጄ የሶፋ ሞላ የማኖርበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ላክህ? ስትለኝ አዎ እላለሁ።

ዓርብ ዕለት መሳቢያውን ከፈትኩ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር እልክልሻለሁ ብዬ ነው፤ መክፈቴን ይቅር በይኝ። በመጀመሪያው ውስጥ ምክር ነው፤ አትክሺ፣ ጫማሽን ለውጪ ይላል። በሁለተኛው ስለ ጆሮዋ ሆስፒታልሽ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂልኝ ትላለች። የሦስተኛው ፖስታ ወፈር ያለ ነው። ስከፍተው እኔ የጻፍኳቸው ሦስቱ ደብዳቤዎች ወጡ። በላያቸው በእርሳስ «ለላኪው ይመለስ» ብላለች፤ ከሥሩም «እህትህ በዕድሜዋ አይዞሽ ብላኝ አታውቅም፤ ትቆጣኛለች እንጂ። ልጄን ፈልግልኝ።»

የጻፈችበት ቀን ከሰባት ወር በፊት ነው። ያኔ ልኬው ቢሆን፣ ወይም ከፍቼ አንብቤው ቢሆን፣ ተራው በእጃችን ነበር። ከሶፋ ሞላና ከሚስማር ጋር ሰባት ወር አደረ። እሷም ሰባት ወር ሙሉ ስታውቅ ኖራ፣ ጠዋት ጠዋት ያንን ገጽ ስታሳየኝ፣ እኔ ደግሞ ገና አልመጣም ስላት! ኩባንያውን መስደብም ያኔ ተወኝ።

እዚህ ያለው ሐኪም በቀኝ ጆሮዋ የቀረው ሳያልቅ ይታይላት ብሏል። እታለም፣ በእኔ ላይ የፈለግሽውን ፍረጂ፣ አልከራከርም። ግን ሌላ ተራ ጠይቂላት። መቼም ይሁን መቼ፣ እኔው ይዣት እመጣለሁ፤ ሱቁ ይዘጋ። የአራቱን ደብዳቤዎች ቅጂ አስቀርተሽ ከሆነ በወረቀት ላኪልኝ፤ ስድብም ቢሆን ላነባቸው እፈልጋለሁ። የታፔላው አድራሻ ላይ ትናንት ቀለም ቀብቼበታለሁ። የስልኬ ቁጥር ጠፍቶሽ ከሆነ ከጀርባ አለ። ደውይ፤ ብትጮሂም አልጮህም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እማዬ ሱቁ ውስጥ ትይዩዬ ተቀምጣ ነበር። ለማን ነው አለችኝ። ወደ ቀኝ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ለእታለም አልኩና ወረቀቱን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ሁለት ቦታ ሳቀች፣ የት እንደሆነ አልነገረችኝም። ከዚያ ደብተሯን ከፍታ «ይሄኛው ይሂድ» ብላ ጻፈችና ተነሳች። አሁን ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ቆማለች። ፖስታ ቤት ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ አላምንህም ትላለች። እያስቸኮለችኝ ነው።

እጅሽ ለበሽተኛ እንደሚራራ ሕይወትም ለአንቺ ይራራልሽ። ውለሽ ግቢ፣ ጤና ይስጥሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

ጥፋተኛው ታናሽ ወንድምሽ